የእናትህ ቤት መሐረቦች

ጥር 14 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለልጄ አባት፤

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። እኔ ዛሬ የምሬን ነው የምጠይቅህ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ቀኝ እጅህስ እንዴት ነው?

ማን ነገራት ብለህ እንዳትጨነቅ፤ ሻንጣው ነው። አብሮህ ሲበይድ የሚውለው ጓደኛህ ይህን ቅጽል ስም ልጅህ እንዳወጣችለት አያውቅም፤ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ሻንጣውን ከጉልበቱ ላይ ሳያወርድ ነው የሚያወራው። እሁድ ዕለት ለፈቃድ እንደመጣ ቤት ጎራ አለ። ስለ ሙቀቱና ስለ አለቃችሁ ክፋት ሲያወራ ቆየና እየሳቀ ያንተን ጨመረልኝ። ብየዳ ላይ ሳለህ ፒንሳው ከእጅህ ወደቀ፤ ላንሳው ብትል እጅህ እምቢ አለ፤ አፍህ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ ምላስህ ተኮላተፈ። ውሃ እስኪያመጡልህ ድረስ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። አንተም «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ብለህ ሥራህን ቀጠልክ። ሻንጣው «ጠጥቶ የመጣ ነው የመሰለን» እያለ ይስቃል። እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ።

ደወልኩልህ፤ አላነሳህም። ቁጥሬን ስታይ ለጠብ የደወልኩ ይመስልሃል። አልፈርድብህም፤ ብዙ ጊዜ ለጠብ ነው የምደውለው። በሻንጣው በኩል በቃል እንዳልልክልህ ደግሞ እሱ ነገር አያድርበትም፤ ሐሙስ ተሳፍሮ ዓርብ ሥራ ቦታችሁን ሁሉ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ አሽጌ እሰጠዋለሁ። ሳታነበው እንዳትቀደው፤ ከፈለግህ አንብበህ ቅደደው።

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። የልጅህ ነስር ካንተ የመጣ ነው። በሽታው አንተም ላይ አለ። እጅህን የያዘህም እሱ ሳይሆን አይቀርም ብላለች ሐኪሟ። ሳንባህን በቶሎ ካልታየህ የሚቀጥለው ላይለቅህ ይችላል። ይኸው፣ ዋናውን ተናገርኩ። የቀረውን የምጽፈው ስላንገበገበኝ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ታግሻለሁና አንተም ታግሰህ አንብበው።

ለሥራ ወደዚያ ልትሄድ ባልክበት ሰሞን አንድ ጠዋት የሆነውን አትረሳውም። ልጃችን ትራሷን በደም አርሳ ተነሳች። አንተ ቁርስህን ገፋ አደረግህና «ይሄ ከናንተ ቤት የመጣ ጣጣ ነው፤ መድኃኒቱም ከናንተ ቤት ይፈለግ» አልከኝ። እናትህ እዚያው ነበሩ። መሐረባቸውን እያጠፉ እየዘረጉ «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። እኔም ሞኟ ወደ እናቴ ሄድኩና ከኛ ወገን ነስር ያለበት ማን እንደሆነ እንድትነግረኝ አፋጠጥኳት። ምስኪን እናቴ የአያት የቅድመ አያቶቿን ስም እየጠራች፣ እገሌ ነው ወይስ እገሊት ስትል ኖረች፤ ሳታገኘው ሞተች። ለሌላው ሁሉ ይቅር እልህ ይሆናል፤ ይሄን ግን አልረሳልህም።

ከሄድክ በኋላ በልጅቷ ላይ ያልሠራነው ግፍ የለም። ሲነስራት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ እንገፋለን፣ አናቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እናፈሳለን፣ አፍንጫዋ ውስጥ ደረቅ ጥጥ እንጠቀጥቃለን። እናትህ ያስተማሩን መላ ነው። ደሙን ስትውጠው ትቆይና ጥቁር ነገር ታስታውካለች፤ እኛ ጨጓራዋ ነው እንላለን። ጥጡ ሲነቀል የጠገገውን ይዞ ይወጣል፣ እንደገና ይነስራታል። ክሊኒክ ስወስዳት ደግሞ ትራስ እንደሚሞላ ሰው ፋሻ ይጠቀጥቁባታል፣ ወይም የሚደማውን የደም ሥር ያቃጥሉላታል። አንዱ ያቃጠለውን ሌላው ይደግመዋል። በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ግድግዳ ሳስቶ ሳስቶ ሊበሳ ምንም አልቀረው።

ትምህርት ቤት «ቀይ እስክርቢቶ» ነው የሚሏት። ነጭ ሸሚዝ መልበስ ተወች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር፤ በዚህ ዕድሜዋ እንደ አሮጊት በየፎቁ ታርፋለች። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ እሷ ስትቆም እኔም መኪናውን አቆማለሁ፤ ስትነሳ እቀጥላለሁ። ስንት የሥራ ልብስ እንደዚያ ሆኜ እንደሰፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘንድሮ አየሩ ሲደርቅ ፈተና ላይ ሳለች ነሰራት፤ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ፈታኙም አዋቂ ነኝ ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን እንድታይ አዘዛት። ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ስደርስ የአፍንጫ ሐኪሟ ይዛታለች። ወጣት ናት፤ ፊቷ ቁጣ ቁጣ ይላል። ልጅህን ወደ ፊት አጎንብሳ፣ የአፍንጫዋን ለስላሳ ቦታ በሁለት ጣቷ ጨምቃ፣ ዓይኗን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላለች። ልጄን ልታፍናት ነው ብዬ ልቀቂያት ልላት ምንም አልቀረኝም። ደሙ ቆመ። አሁን ደግሞ ማቃጠያውን ታመጣለች ብዬ ስጠብቅ አፍንጫዋን ትታ ከንፈሯን ማየት ጀመረች። ከዚያ ምላሷን፣ ከዚያ የጣቶቿን ጫፍ። ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች አሉ። በመስታወት ስትጫናቸው ይጠፋሉ፣ ስትለቃቸው ይመለሳሉ። በየቀኑ የማየው ፊት ነው፤ እኔ አላየኋቸውም ነበር።

ቀጥላ እኔን አፍ አስከፈተችኝ። እጄንም ገለባብጣ አየች፤ መርፌ የወጋው እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። «እርስዎ ላይ የለም» አለችኝ። «አባቷስ?»

ታችኛው ከንፈርህ ላይ፣ በግራ በኩል ያለችው ቀይ ነጥብ መጣችብኝ። ያኔ ስንዋደድ የውበት ምልክት ናት እያልኩ ለጓደኞቼ ያወራሁላት። ለካ ስስመው የኖርኩት በሽታህን ነው። አፌን እንደከፈትኩ ቀርቼ ሐኪሟ «አሁን መዝጋት ይችላሉ» አለችኝ።

እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችኝ። የልጅቷ ደም ጤነኛ ነው፣ ይረጋል፤ ችግሩ የደም ሥሮቿ ናቸው። አንዳንድ ቦታ ላይ ደም ወሳጁና ደም መላሹ፣ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ቀጭን መረብ ሳይኖር፣ በቀጥታ ይጋጠማሉ። የተጋጠሙበት ቦታ ስስ ነው፤ አየር ሲደርቅ ይበጠሳል። አፍንጫ ውስጥ ሲሆን ነስር ነው፤ ሳንባና አንጎል ውስጥም ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። በሽታው ካለበት ሰው ለሚወለድ ለያንዳንዱ ልጅ እኩል ዕድል ነው፤ ወይ ይደርሰዋል፣ ወይ ያልፈዋል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም አለችኝ። እሱን ስሰማ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱ የኔ ሲሆን አንድ ሰው እንኳ እንዲህ አላለኝም።

መድኃኒት ብዬ ትልቅ ነገር ስጠብቅ የሰጠችን የጨው ውሃና ቅባት ነው። ለዚህ ነው እንዴ ሆስፒታል ድረስ የመጣሁት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ልጅህ ጠዋትና ማታ፣ ቀንም ጣልቃ እያስገባች፣ አፍንጫዋን በጨው ውሃ ታርሳለች፤ ከዚያ ቅባቱን ሳትቧጥጥ በስሱ ትቀባዋለች። ነገሩ ሁሉ እንዳይደርቅ ነው። መኝታ ክፍሏ ውስጥ እርጥብ አንሶላ እሰቅላለሁ፤ ጎረቤት «ልብስ አጠባ ጀመርሽ እንዴ?» ይለኛል። ሲነስራት ወደ ፊት ጎንበስ ትልና ለስላሳውን ቦታ ጨምቃ ትይዛለች፤ አፏ የገባውን ትተፋለች እንጂ አትውጥም። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ እንክብል አላት። ለደም ማነሷ ደግሞ የብረት መድኃኒት ትወስዳለች። ለራስ ምታት ብሎ አስፕሪን መዋጥ ክልክል ነው፣ ደረቅ ጥጥ ክልክል ነው፣ ማቃጠሉም በቃ ተብሏል።

አልዳነችም፤ ጨርሶ የሚድን አይደለም። አሁንም ይነስራታል። ግን ደህና የምትሰነብትበት ጊዜ መጥቷል፤ ደረጃውንም ሳታርፍ ትወጣዋለች። እኔንም ማዘዝ ጀምራለች፤ «አንሶላው ደርቋል» ትለኛለች እንደ አማት።

ሳንባዋም ታየ፤ እዚያም እንደዚያ የተጋጠመች አንድ ቦታ ተገኘችባት። ሽምብራ ታክላለች አለች ሐኪሟ። ከታፋዋ በኩል በደም ሥር ቀጭን ነገር አስገብተው ይደፍኑላታል፤ ደረቷ አይከፈትም፤ ተራ ይዘንላታል። ለምን መደፈን እንዳለበት ያኔ በደንብ አልጠየቅሁም፤ ካሉ አይቀር ይድፈኑት ብዬ ተውኩት። እሁድ ሻንጣው የእጅህን ነገር አውርቶ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ስፌቴን ጥዬ ሐኪሟ በር ላይ ተገተርኩ። ኮሪደሩ ላይ እየሄደች ነበር የምትሰማኝ፤ የአፍህን መጣመም ስነግራት ቆመች። ሳንባ ደምን እንደ ወንፊት ያጣራል አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለበት ግን ትንሽ የረጋ ደም ሳትጣራ ታልፍና አንጎል ትደርሳለች። እጅ ትይዛለች፣ አፍ ታጣምማለች። አንዳንዴ ትለቃለች። «ለቀቀው ማለት ማረው ማለት አይደለም፤ ዛሬውኑ ይንገሩት» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ እናትህ ቤት ሄድኩ። ለምን እዚያ እንደሄድኩ ልንገርህ። የተጋባን ሰሞን እናትህ የበሰለ ቀይ ሥር የመሰለ ጨርቅ ይዘውልኝ መጥተው መሐረብ እንድቆርጥ አዘዙኝ። በናንተ ቤት መሐረብ ነጭ አይደረግም ተባልኩ። ለሳቸው፣ ላንተ፣ ለእህትህ ቆረጥኩ፤ ጠርዙን በእጄ ዘመዘምኩ። የጨዋ ቤት ወግ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር። ማጠቡን ግን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡታል። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ እንደሆነ የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም፤ እኔ ግን ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም። ደም እንዳይታይበት የተመረጠ ቀለም ነው። አንተም አፍንጫህ ሲደማ የብየዳው ሙቀት ነው እያልክ በዚያው መሐረብ ትጠርገዋለህ። አታውቅም ነበር ብዬ ነው የምጽፍልህ። ታውቅ ከነበረ እዚህ ላይ አቁምና ደብዳቤውን ቅደደው።

የእህትህም ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሆና ደም እያሳላት ስትሞት ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ብርጭቆዋ ተለየ፣ አጠገቧ መቀመጥ ተፈራ። ነቀርሳ ከጎረቤትም ይይዛል፤ ዘርን አያሰድብም። ይሄኛው ግን በዘር ነው የሚመጣው። እናትህ ነቀርሳውን መረጡ፤ እህትህም ሰው ሸሽቷት ሞተች።

ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ የዓይናቸው ሽፋን ውስጡ ነጥቷል። መሐረቡ እጃቸው ላይ ነው። ስለ ልጅቷ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስለ እጅህ ስነግራቸው መሐረቡን ጨበጥ አደረጉትና እንዳልነግርህ ከለከሉኝ። እንዲህ ካሉማ ያውቃሉ ማለት ነው። ተቀመጪ ሳልባል ተቀመጥኩ። የእናቴን ነገር አነሳሁባቸው፤ ከየት እንደመጣ ስትፈልግ መሞቷን። ቀና ብለው አላዩኝም። በዚህ ዕድሜያቸው ልጃቸው እንዲረግማቸው እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ካልሰማ ሊሞት ይችላል አልኳቸው። ያኔ ፈሩ። ፍርሃታቸውን ደግሞ በቁጣ ነው የሚያወጡት፤ ታውቃቸዋለህ።

«ብናገር ኖሮ ማን ያገባው ነበር?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። «እኔ አገባው ነበር።»

ለዓመታት ያሰናዳሁት ስድብ ነበረኝ፤ በየስፌቱ ያሰማመርኩት። አንዱም አልመጣልኝም። እሳቸውም ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ነሰራቸው። እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። ብድግ አልኩና በአንድ እጄ ማጅራታቸውን ይዤ ወደ ፊት አጎነበስኳቸው፣ በሌላው አፍንጫቸውን ጨመቅሁ። ታገሉኝ። እንዳይውጡት፣ እንዲተፉት ነገርኳቸው። ትንሽ ተንፈራገጡና ተዉት፤ ግንባራቸውን ደረቴ ላይ ጣሉት። እንዴት እንደቀለሉ አትጠይቀኝ። ደሙ በእጅጌዬ ገብቶ ክርኔ ደረሰ። የማልወዳቸውን ሴትዮ አፍንጫ ይዤ፣ ሰዓታቸውን እያየሁ ቆምኩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ አላለቀሱምም። በተያዘ አፍንጫቸው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «ጻፊለት።»

ይኸው ጻፍኩልህ።

የበሽታውን ስም ሐኪሟ ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ጋር አለ። ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። ልጄ ላይ በዘር የሚተላለፍ የደም ሥር በሽታ ተገኝቷል፣ እኔም ይነስረኛል፣ እጄን ይዞኝ ለቆኛል በላቸው፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ንገራቸው። እጅህን ብቻ ነግረሃቸው ደም ማቅጠኛ ቢጀምሩልህ ነስሩ ሊብስብህ ይችላል፤ ሁሉን አውቀው እነሱ ይወስኑ። ሳንባህን ይዩልህ። ነገ ዛሬ አትበል፣ ሥራ በዛብኝ አትበል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ያንተ ቤት ሰዎች ግን ይሄን ለሌላው ነው የሚተርቱት። እዚያ የወለድከው ልጅ ካለም ይታይ። ሻንጣውን ስጠይቀው ጉልበቱ ላይ ያለውን ሻንጣ መክፈትና መዝጋት ጀመረ፤ መልሱ ገብቶኛል። ልጅ ምን አጠፋ? አሳየው።

ልጅህ እንደምጽፍልህ ታውቃለች፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንድትረግምህ ፈልጌ ነበር፤ አብረን ብንረግምህ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ እሱ ሲነስረው ማን ነው የሚይዝለት?» አለችኝ። ምን አገባሽ ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ሄጄ የማልቆርጠውን ጨርቅ ስለካ፣ ደግሜ ስለካ አመሸሁ።

የሚይዝልህ ሰው ካለ አሳየው፣ እንዲህ ነው በለው። ከሌለ በራስህ ጣት ያዝ፤ ወደ ፊት ጎንበስ በል፣ ቶሎ ቶሎ እየለቀቅህ አትይ፣ አትዋጠው።

እጅህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ፤ እንጀራህ ነው። ምላስህንም ይጠብቅልህ፤ እሱንም እኔ እፈልገዋለሁ፣ ገና ያልመለስክልኝ ነገር አለ። ለኔ መልስ አትጻፍ፤ ሐኪሙ ያለህን ለልጅህ ደውለህ ንገራት፣ ስልኩን እኔ አላነሳም። ጠቡን እስክትድን ድረስ አቁሜዋለሁ። ስትድን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ሚስትህ